የእሱ አንድ ፕላስ ነበር

ነገሩ የሆነው ካቻምና ጥቅምት ላይ ነው። ባለቤቴ ጀማልና እኔ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ተመርምረን ወባ ተገኘብን። እኔ ዳንኩ። ይህን የምጽፈው ሰው ሁሉ «አንቺን አላህ አተረፈሽ» ሲለኝ የምመልሰው ስለሚጠፋኝ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። ዛሬም በየሰፈሩ «ስንት ፕላስ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ እሰማለሁ።

እኛ የአሰላ ሰዎች ነን። የተወለድነውም፣ የተጋባነውም፣ ልጆች የወለድነውም እዚሁ ነው። ልጆች ሆነን ወባ ሲባል የምናውቀው ከቆላ የሚመጣ ሰው በሽታ መሆኑን ብቻ ነበር። ጀማል እንዲያውም «የእኛን ደም ቢንቢ ብትቀምሰው በረዶ መስሏት ትተፋዋለች» እያለ ይቀልድ ነበር። እሱ የማይቀልድበት ነገር አልነበረም።

ገበያው አጠገብ ትንሽ የአትክልት ሱቅ አለችን። ሽንኩርት ከነጋዴ እየገዙ መሸጡ ሲመረን፣ ቆላው ውስጥ፣ ከዴራ ከተማ ወረድ ብሎ በመስኖ የሚለማ መሬት ተከራየን። ሐምሌ ላይ ያስተከልነው ሽንኩርት ጥቅምት ላይ ደረሰ። ሁለቱን ልጆቻችንን ለጀማል እናት ትተን፣ ሽንኩርቱን ልናስነቅልና ልናስጭን አብረን ወረድን። የምናድረው ማሳው ዳር ባለች ቆርቆሮ ቤት ነበር። አጎበር አልያዝንም። ያዙ ያለን ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም የምንሰማው አይመስለኝም።

መጀመሪያ የያዘኝ እኔን ነው። በዚያ ጠራራ ፀሐይ ብርድ ብርድ አለኝና ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። ጀማል ጃኬቱን ደረበብኝ፤ አልበቃኝ ሲል ባዶ ጆንያ ጨመረበት። በማግስቱ እሱም ራሱን አመመው። ግን ቆሞ ይሄዳል፣ ከሠራተኞቹ ጋር ይጯጯሃል፣ ጆንያ ያሸክማል። ባጃጅ ጠርቶ ጤና ጣቢያ የወሰደኝም እኔን ለማስመርመር እንጂ ለራሱ ብሎ አልነበረም። የላብራቶሪ ባለሙያው ግንባሩ ላይ ያለውን ላብ አይቶ «ከመጡ አይቀር እርስዎም ይታዩ» አለውና የእሱንም ጣት ወጋው።

ውጤቱ ሲደርስ ባለሙያው ራሱ ወጥቶ ነገረን። «ሁለታችሁም ወባ አለባችሁ። የእሳቸው ሦስት ፕላስ ነው፣ የእርስዎ አንድ ፕላስ ነው» አለው ጀማልን። በደም ጠብታው ውስጥ የሚታየው የወባ ተውሳክ በበዛ ቁጥር ፕላሱም እንደሚበዛ አስረዳን።

ጀማል ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩን እንደ ፈተና ውጤት ያዘው። «ዘይኔ፣ በዚህም በለጥሽኝ» አለኝ። እንደዚያ እየተንቀጠቀጥኩም ሳቄ መጣ።

የጤና መኮንኑ ግን አልሳቀም። ክኒን ሰጠንና «የደጋ ሰዎች ናችሁ፣ ሰውነታችሁ ይህን በሽታ አያውቀውም። መድኃኒቱን እንዳታቋርጡ። እንቅልፍ እንቅልፍ ካላችሁ፣ ወይም ሽንታችሁ ከጠቆረ፣ አንድም ሰዓት ሳትቆዩ ሆስፒታል ሂዱ» አለን። ሁለታችንንም እያየ ነው የተናገረው። ጀማል ግን ወደ እኔ ዞሮ «ሰማሽ አይደል?» አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ያ ምክር ለእኔ ብቻ የሆነው እንደዚህ ነው።

በዚያው ቀን በሚኒባስ ወደ አሰላ ወጣን። ሽንኩርቱን ለጎረቤት ገበሬ አደራ ብለን ነበር። ጀማል መንገዱን ሙሉ ጭንቅላቴን ትከሻው ላይ አስደግፎ ይዞኝ መጣ። ትከሻው ያተኩሰኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። የሚያተኩሰው የእኔ ትኩሳት መስሎኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ እናቱ አልጋዬን አንጥፈው ጠበቁን። ሰፈራችን ካለች ክሊኒክ አንዲት ሲስተር መጥታ ጉሉኮስ ሰቀለችልኝ፣ መርፌም ጀመረችልኝ። ጉሉኮሱ የሚንጠለጠልበት ስላልነበረ ግድግዳው ላይ ሚስማር የመታው ጀማል ነው። ሲመታ ሁለቴ ሚስማሩን ስቶ ሲሚንቶውን ሸራረፈው። እጁ የማይስት ሰው ነበር። ሲስተር «አንተስ እንዴት ነህ?» ስትለው «እኔ አንድ ፕላስ ነኝ» አላት። እሷም «ክኒንህን ዋጥ ብቻ» ብላው ወደ እኔ ተመለሰች።

በቤታችን ውስጥ ሁሉ ነገር በፕላሱ ልክ ተከፋፈለ። ወፍራሙ ብርድ ልብስ ለእኔ፣ ሾርባው ለእኔ፣ አልጋው ለእኔ ሆነ። እሱ ሳሎን መጅሊሱ ላይ ይተኛል። ስልክ ሲደወል «እሷ ሦስት ናት፣ እኔ አንድ ነኝ፣ ለእሷ ዱዓ አድርጉላት» ይላል። የሰማ ሁሉ «አብሽር፣ ያንተስ ቀላል ነው» ይለዋል። ክፉ አስቦ ያለው ሰው የለም። አንድ ከሦስት እንደሚያንስ ደግሞ የማያውቅ የለም።

የሰፈራችን ሰው ጠያቂ ነው። ሰው ታመመ ከተባለ ሱቁን ዘግቶም ቢሆን ይመጣል። በማግስቱ ቤታችን ከጠዋት ጀምሮ በጠያቂ ሞላ። ብርቱካኑን፣ ሙዙን፣ ለስላሳውን አልጋዬ አጠገብ እያስቀመጡ «አላህ ያሽርሽ» ይሉኛል። ጀማል ወንበር ያቀርባል፣ የሽማግሌዎቹን ከዘራ ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ የሚሄዱትን በር ድረስ ይሸኛል። ታማሚ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ሲጠይቀው መልሱ ያው ነው፤ «እኔ አንድ ፕላስ ነኝ።» ሰው ይስቃል፣ እሱም ይስቃል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግቢ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ከመስኮቴ ጀርባው ይታየኛል። አንዱ ጎረቤታችን «ጀማል፣ ዓይንህ ቢጫ ሆኗልሳ» ሲለው ሰማሁ። «አንድ ፕላስ ቢጫ ነው፣ ቀይ የሚሆነው ሦስት ሲደርስ ነው» አለው። ጎረቤታችን ሳቀና ወደ እኔ ገባ። ጀማል ምሳም አልበላም። እናቱ «ሲሯሯጥ ደክሞት ነው» አሉ፤ እኔም ልክ ነው አልኩ። ላለመብላቱም፣ ለዝምታውም፣ ለሁሉም ምክንያት አገኘንለት።

ከምሳ በኋላ ሳሎን ገብቶ ጋደም አለ። እኔ ያለሁበት ክፍል በር ክፍት ስለነበረ እግሮቹ ይታዩኝ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማንኮራፋት ጀመረ። ጀማል የሚያንኮራፋ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ደስ አለኝ። «ያ አላህ፣ እንኳን ትንሽ አረፈልኝ» አልኩ። ይህን ያልኩበትን ድምፅ ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

ጠያቂዎች መምጣታቸውን አላቆሙም። የጀማል እናት በሩ ላይ ቆመው፣ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ የሚመጣውን ሁሉ «ቀስ በሉ፣ ልጄ ተኝቷል፣ እንዳትቀሰቅሱት» ይላሉ። ሰዉም ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ በእግሩ ጣት እየተራመደ በአጠገቡ ያልፋል። አልጋዬ ዙሪያ ሆነው የሚያወሩት ሁሉ በሹክሹክታ ሆነ። አንዷ ጎረቤቴ ጆሮዬ ስር «ሚስቱ እዚህ እየነደደች እሱ ያንኮራፋል፣ ወንድ እኮ ወንድ ነው» ብላ አሳቀችኝ። ልጃችን ሀያት ቴሌቪዥን ከፍታ ስለነበር አያቷ አስጠፉባት። የመንገዱ በር ሲንኳኳ እንዳይሰማው ገርበብ አድርገው ተዉት። ቤታችን እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ያን ያህል ሰው በአጠገቡ አልፏል። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ረግጦት ቢያልፍ ምን ነበር እላለሁ።

ዐሱር ሲደርስ እናቱ ሊቀሰቅሱት ሄዱ። እሳቸው ልጃቸው ታምሞም ቢሆን ሰላት እንዲያልፈው አይፈልጉም፤ ተቀምጦም ቢሆን ይስገድ ባይ ናቸው። መጀመሪያ ቀስ ብለው እግሩን ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ በኦሮምኛ «ካኢ ጀማል፣ ካኢ» አሉት፤ ተነስ ማለታቸው ነው። ከዚያ ድምፃቸው ከፍ አለ። ከዚያ ስሙን ብቻ ይጠሩ ጀመር።

መርፌውን ከክንዴ ነቅዬ ሄድኩ። እንዴት እንደተራመድኩ አላውቅም። ዓይኑ ግማሽ ተከፍቷል፣ ግን አያየኝም። ጥርሱን ነክሷል። ፊቱን በሁለት እጄ ይዤ «ጀማል፣ እኔ ነኝ፣ ዘይነባ ነኝ» አልኩት። ሱሪው ርሶ ነበር፤ የረጠበው ቦታ እንደ ሻይ ጠቁሯል። ያኔ ነው የጤና መኮንኑ ንግግር የመጣልኝ። «ሁለታችሁም» እንዳለን ያኔ ነው የገባኝ።

ሊጠይቁኝ የመጡት ሰዎች ናቸው ተሸክመው ባጃጅ ላይ የጫኑት። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

ሆስፒታል የተቀበለችው ከወሎ ተመድባ የመጣች ወጣት ሐኪም ነበረች። ወባው አንጎሉ ላይ መውጣቱን፣ ኩላሊቱም መጎዳቱን አብሮ ለሄደው ወንድሜ ነግራዋለች። መርፌውንም፣ ኦክስጅኑንም፣ ያላትን ሁሉ አደረገችለት። እናቱ እንደነገሩኝ ከአጠገቡ አልተነሳችም። ጀማል ግን አልነቃም። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሞተ፤ ከዙሁር ሰላት በኋላ ተቀበረ። እኔ በዚያ ሰዓት ትኩሳቴ ለቆኝ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ ረሃብ እየተሰማኝ ነበር። መዳኔን ያወቅኩት ባሌ በተቀበረበት ቀን ስለራበኝ ነው። ሰው እንዴት በእንደዚያ ያለ ቀን ይርበዋል? እኔን ራበኝ።

ሐዘን ላይ ተቀምጠን ሳለ የጀማል ስልክ ጠራ። ሌላ ሰው ሳያነሳው እኔ አነሳሁት። አቦምሳ ያለው አጎቱ ነበር። ቤታችን ሰው መሞቱን ሰምቷል፤ ማን እንደሞተ የነገረው ግን አልነበረም። እሱም መጠየቅ አላስፈለገውም። እኔ ሃሎ ሳልል «ጀማል፣ ልጄ፣ አይዞህ። ዘይነባን አላህ ይዘንላት። ጥሩ ሚስት ነበረች። ለልጆቹ ብለህ በርታ» አለኝ። እያለቀሰ ያወራል፣ ማቆም አልቻለም። እኔም ማስቆም አልቻልኩም። ስለ እኔ የተባለውን ሁሉ፣ እንግዳ ተቀባይነቴን፣ ሥራ ወዳድነቴን፣ እስኪጨርስ ሰማሁት። ሲጨርስ «አጎቴ፣ እኔ ነኝ» አልኩት።

የሰፈሩ ሰውም ከዚህ የተለየ ነገር አላለኝም። «እኛ የፈራነው ለአንቺ ነበር» ይሉኛል። ሊያጽናኑኝ ብለው ነው። አውቃለሁ።

ዒዳዬን፣ ባሏ የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን ጊዜ፣ እስክጨርስ ከቤት አልወጣሁም። አራት ወር ከአሥር ቀን አንዲት ጥያቄ ይዤ ግድግዳ ሳይ ከረምኩ። ስጨርስ መጀመሪያ የሄድኩት ሱቄ አይደለም፤ ያቺ ሐኪም ጋ ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ጀማልን አስታወሰችው። በር ዘግታ አስቀመጠችኝ።

«የእሱ አንድ ፕላስ ነበር» አልኳት። «የእኔ ሦስት ነበር። እንዴት ነው እሱ የሚሞተው?»

ዶክተሯ ቀስ ብላ ነገረችኝ። «ፕላሱ የሚያሳየን በዚያች ጠብታ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ነው፣ እህቴ። መጥፎው ሁልጊዜ አይንሳፈፍም። የደም ስር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ አንጎል ውስጥ፣ ኩላሊት ውስጥ። እዚያ የተደበቀው ከጣት በተወሰደ ደም ላይ አይታይም።»

ሌላ ምርመራ የለም ወይ አልኳት። አለ አለችኝ። የደም ስር ሲጎዳ ሰውነት ወደ ደም የሚለቃቸው ነገሮች አሉ። ሰውየው ገና በእግሩ እየሄደ፣ እየሳቀ ሳለ፣ ሊከፋበት እንደሆነ ደሙ አስቀድሞ ይናገራል። አንዳንዱን፣ የደም አሲድን የመሳሰለውን፣ እነሱም ሆስፒታል ውስጥ ይለካሉ፤ ግን ሰው ተኝቶ ከመጣላቸው በኋላ ነው። ዋናዎቹ ገና ጥናት ላይ ናቸው። አንድ ቀን ልክ እንደ ወባው ምርመራ ከጣት በተወሰደች ጠብታ የሚታዩ ይሆናሉ ተብሎ ተስፋ ይደረጋል።

«ታዲያ ፕላሱን ለምን ይቆጥሩታል?» አልኳት። ተቆጥቼ ነበር።

«ያለን እሱ ስለሆነ» አለችኝ።

«ያን ቀን ጤና ጣቢያ ከጣቱ የወሰዱት ደም ይህን ያውቅ ነበር ማለት ነው?» አልኳት።

«ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

ዶክተሯ አንገቷን ደፋች። «ደሙ የተቀባበት መስታወት ታጥቦ ሌላ ሰው ይመረመርበታል» አለችኝ።

ስነሳ እያመነታች አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ብዙ ተውሳክ ኖሮባቸው የተረፉ ሰዎች ደም ለጥናቱ ይፈለጋል፤ ፈቃደኛ ከሆንኩ ትንሽ እንድሰጥ ነው። የጀማልን የመጀመሪያ ቀን ደም ቢያገኙ ደግሞ የበለጠ ይጠቅም እንደነበር ነገረችኝ። የሚከፋበትን ሰው ግን አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ ደሙን የሚያስቀምጥለትም የለም። ክንዴን ዘርግቼ ሰጠኋት። ስወጣ ቀለል የሚለኝ መስሎኝ ነበር። አልቀለለኝም።

አሁን ዓመት አልፎታል። ሱቋን እኔ እይዛለሁ፣ ሽንኩርት ከነጋዴ እገዛለሁ። እናቱ ከእኛ ጋር ናቸው። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። በር ላይ ቆመው ያን ሁሉ ሰው «ቀስ በሉ» ያሉት እሳቸው ናቸውና ያን እንዳላስታውሳቸው እፈራለሁ። እሳቸው ደግሞ ረስተውት አይመስለኝም፤ እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ አይወጡም።

ቤቴ ውስጥ በቀን ማንም አይተኛም። ሀያት ከትምህርት ቤት ደክሟት መጥታ ሶፋ ላይ ካሸለበች እቀሰቅሳታለሁ። ትንሹ ኢምራንም መቀስቀሴን ስለለመደ ገና ትከሻውን ስነካው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ስሙን፣ ክፍሉን፣ የእህቱን ስም ይነግረኛል። እንደዚያ እንዲለኝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ከእኔ የተሻለ እናት ይገባው ነበር፤ ከእኔ የተሻለም አባት ነበረው።

ያ ምርመራ አንድ ቀን እኛም ጋ ይደርስ ይሆናል። ሰዎች «ሲመጣ ደስ ይልሻል፣ የጀማል ሞት ትርጉም ያገኛል» ይሉኛል። ደስ ይለኛል ብዬ መዋሸት አልፈልግም። ከጣት አንዲት ጠብታ፣ ጥቂት ደቂቃ፣ «ይህ ሰው ሊከፋበት ነው፣ እንዳያንቀላፋ ጠብቁት»፤ ይኸው ነው የሚሆነው። ይህን ያህል ቀላል እንደነበር በዓይኔ ማየትን እፈራዋለሁ። ልጆቼ ከታመሙ እየሮጥኩ እወስዳቸዋለሁ፤ ጣታቸውን ዘርግተው እንዲመረመሩም አደርጋለሁ። እኔ ግን ውጤቱ እስኪነገር ውጪ ነው የምቆመው።